ዛፋችሁ ላይ ላለው የወፍ ጎጆ ካሜራ ስትገጥሙ

ሥራዬ ካሜራ መግጠም ነው። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ባሉ ሱቆች፣ መጋዘኖችና ግቢዎች ሌባ ጠባቂ ካሜራ እሰቅላለሁ። ወፍ ላይ የጀመርኩት ለራሴ ነበር። አሁን ግን ደንበኞቼ ሒሳብ ከዘጉ በኋላ «እስቲ ያቺን የወፏን ነገር አሳየኝ» ይሉኛል። ስልኬን አውጥቼ አሳያለሁ። ወዲያው «እኔም ግቢ ጎጆ አለ» ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። እሱ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ ካሉት ርካሹም ይበቃል። ሥራውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም የትኛው ጎጆ ላይ፣ መቼ እንደምትገጥሙ ነው። ፕሮግራም የምታወጣው ወፏ ናት። እሷ በማይመቻት ሰዓት መሰላል ተሸክማችሁ ከሄዳችሁ፣ ካሜራው የፈለገ ጥራት ቢኖረው የሚቀርጸው ባዶ ጎጆ ነው።

የትኛው ጎጆ?

ለጀማሪ ሰው የለመደች ወፍ ትሻላለች። ኮክ ዛፍ ወይም ጥድ ላይ የምትሠራ ዋኔ። ጣሪያ ሥር የምትገባ ርግብ። ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሣር ጎጆ የሚያንጠለጥሉት ቢጫ ወፎች። እነዚህ ከእኛው ጋር የሚኖሩ ናቸው። የበር ድምፅ፣ የልጅ ጩኸት፣ የሙቀጫ ምት ያውቃሉ። መሰላል ሲመጣ ይነሳሉ፣ መሰላሉ ሲሄድ ይመለሳሉ።

ርግብ ስል ደሴ ውስጥ በየሕንፃው ጠርዝ የምታዩዋትን፣ ግራጫ ሆና ማጅራቷ ላይ ነጭ ያላትን ማለቴ ነው። ይህች ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለችም። ፈረንጅ እሷን ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራል። እኛ ቆርቆሮ አቆሸሸች ብለን በድንጋይ እናባርራታለን። ይሁን እስቲ።

የማይነኩ ጎጆዎችም አሉ። ገደል ላይ ያለ የአሞራ ወይም የንስር ጎጆ ተዉት። ጦሳም ላይ ሆነ የጎፍ ደን፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራም ላይ ቢሆን ያው ነው። ሰው አፋፉ ላይ ብቅ ሲል ወላጁ ይነሳል። እንቁላሉ ብርድ ይመታዋል፣ ቁራም ያንን ሰዓት ነው የሚጠብቀው። ትልልቆቹ አሞሮች በዓመት አንድ ጫጩት ቢያሳድጉ ነው። አንዷን አበላሽታችሁ «በሚቀጥለው ወር ትደግመዋለች» አይባልም። ቦረና ሳይንት ወረሂመኑን በመሰለ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ምንም ነገር አይሰቀልም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅጥር ውስጥ ያለው ዛፍ ላይ የሚያምር ጎጆ ታያላችሁ፣ አውቃለሁ። እዚያ መጀመሪያ የገዳሙን አባቶች መጠየቅ ነው። ሴቶች እንደማይገቡም አትርሱ።

ከፍታው ከሁለት እስከ አራት ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ድመትና ልጅ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ እናንተ ትወድቃላችሁ። መሰላሉን ጎጆው ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ሳታስደግፉ መድረስ መቻል አለባችሁ። ካልቻላችሁ ሌላ ጎጆ ፈልጉ።

መቼ?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ወፍ ጎጆ እየሠራች ሳለ ገና አልቆረጠችም። ያወጣችው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ነገር ካስደነገጣት ትታው ትሄዳለች። እንቁላል በጣለች ሰሞንም እንደዚያው ናት። ታቅፋ ሳምንት ያህል ሲያልፋት ግን ትጨክናለች። ብትነሳም ትመለሳለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ላባ አውጥተው ጎጆው ሲጠባቸው ደግሞ እንደገና አደገኛ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ከተጠጋ መብረር ሳይችሉ ደንግጠው ይዘላሉ። ከወደቁ ድመቷ አለች።

ስለዚህ እንቁላል ያለበት ጎጆ ላይ ካሜራ የሚገጠመው በመታቀፉ አጋማሽ ላይ ነው። ዋኔ ሁለት ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች። የእናንተ ሰዓት ሁለተኛው ሳምንት ነው። እንቁላል መኖሩን ለማወቅ መሰላል አያስፈልግም። የዋኔ ጎጆ ስስ ነው፣ ጥቂት ጭራሮ ተደርድሮ ማለት ነው። ከሥር ቀና ብላችሁ ብታዩ ነጩ እንቁላል በጭራሮው መካከል ይታያል። አንዴ ካያችሁ ቀኑን ጻፉና ሂዱ። በየሰዓቱ አትመላለሱ።

ከቀኑም ሰዓት አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋቷ ቀዝቃዛ ነው። በብርድ፣ በጭጋግና በዝናብ ወፏን ከእንቁላሏ ማስነሳት ነውር ነው። አየሩ ሞቅ ሲል፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ክረምት ከሆነ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ ጨርሱ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐዩ ጫጩት ያቃጥላል፣ ረፋዱን ተጠቀሙበት። ከዛፉ ሥር ከአሥር ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ከወረዳችሁ በኋላ ራቅ ብላችሁ፣ መስኮት ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ሞልቶ ወፏ ካልተመለሰች ካሜራው ይወርዳል። «ትንሽ እንጠብቅ» የለም። ለቀረጻ ተብሎ ጎጆ አይፈርስም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ወፏ ከመምጣቷ በፊት መግጠም ነው። ርግብ የለመደችው ጠርዝ ላይ ትመለሳለች። ቢጫዎቹም ዛፋቸውን አይቀይሩም። አሮጌ ጎጆ የተንጠለጠለበት ዛፍ ካያችሁ የዘንድሮው ቦታ እሱ ነው። በበጋው፣ ማንም ሳይኖር፣ ካሜራውን ሰቅላችሁ ሽቦውን ዘርግታችሁ ጨርሱ። በሰኔ ሣሩ ሲለመልም እነሱ መጥተው ያገኙታል። ለእነሱ የዛፉ አካል ነው።

ጊዜው ካለፈባችሁ መካከለኛ መንገድ አለ። እኔ ጋ የተቃጠለ ካሜራ አይጠፋም። ሆዱን አውጥቼ ባዶ ቀፎውን ጎጆው ከሚሠራበት ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ እሰቅለዋለሁ። ዋኔዋ መጀመሪያ ሽቦ ላይ ቆማ አንገቷን ታስረዝማለች። በአንድ ዓይኗ ታያለች፣ ጭንቅላቷን አዙራ በሌላው ዓይኗ ታያለች። ጭራሮውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ትጠብቃለች። ከዚያ ነገርየው እንደማይንቀሳቀስ ስታውቅ ሥራዋን ትቀጥላለች። በየጥቂት ቀኑ ጠጋ አደርገዋለሁ። እውነተኛው ካሜራ በቀፎው ቦታ ሲገባ አዲስ ነገር አይሆንባትም። ቀፎ ከሌላችሁ ጥቁር የቀለም ቆርቆሮም ይሆናል። የማያብረቀርቅ ይሁን እንጂ።

ሁለቱ የኪርተን ወንድማማቾች፣ ሪቻርድና ቼሪ፣ ከመቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ወፍ ፎቶ ለማንሳት የበሬ ቆዳ እንደ በሬ አስወጥረው ውስጡ ተደብቀው ይቆሙ ነበር። ወፎቹ በሬ ስለሚያውቁ አይሸሹም። ሐሳቡ ያው ነው። እኛ ቢያንስ በሬ ውስጥ አንገባም።

አሁን ካሜራው

ሱቅ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚሰጧችሁ አንገቱን የሚያዞረውን የዋይፋይ ካሜራ ነው። አምፖል የሚመስለውም አለ። ለሳሎን ጥሩ ነው፣ ለጎጆ አልመክርም። ሲዞር ሞተሩ ይጮኻል። ራሱን ወፏ ላይ ሲያዞር ደግሞ እሷ የሚያያት አውሬ ነው የሚመስላት። ሌላው ጣጣው ምላሱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙዎቹ ጮክ ብለው «ዝግጁ ነኝ» ዓይነት ነገር በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ይናገራሉ። ጎጆ አጠገብ፣ ሌሊት በ8 ሰዓት! ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ከመሰቀሉ በፊት መዞሩንና መከታተሉን አጥፉ፣ ድምፁን ዜሮ አድርጉ። ከዚያ ቤት ውስጥ ከሶኬት ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። አሁንም ከተናገረ ክፈቱትና የስፒከሩን ሽቦ በፒንሳ ቁረጡ።

የሚሻለው ቦታውን የማይለቅ፣ የሲሊንደር ቅርጽ ያለው ካሜራ ነው፣ በሽቦ ከዲቪአር (ቀረጻውን ከሚያስቀምጠው ሳጥን) ጋር የሚገናኘው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ይቀዳል። ሌንሱ ከ2.8 እስከ 12 ሚሊሜትር የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አትፈልጉ። 12 ላይ ስታደርጉት ከሁለት ሜትር ርቀት አንድ ሜትር የማይሞላ ስፋት ብቻ ያሳያል። ጎጆውን ከነወፏ ጥርት አድርጎ ማለት ነው። መጠጋት ቀረ። ባለ 2.8 ሚሊሜትሩ ግን ከዚያው ቦታ ዛፉን በሙሉ ያሳያችኋል፣ ወፏ የባቄላ ፍሬ አክላ።

መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስልክም ይሆናል። ስልክን የጥበቃ ካሜራ የሚያደርገውን አልፍሬድ የሚባል አፕ ጭናችሁ ከመስኮት መስታወት በስተጀርባ ብታቆሙት ቀን ቀን ይሠራል። ባትሪው ያበጠ ስልክ ግን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ጫካ ውስጥ የሚታሰሩት የአውሬ ካሜራዎች የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ ነው የሚነሱት። ለሸለምጥማጥ ጎበዝ ናቸው። ለትንሽ ወፍ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል።

ፎከስ

የጥበቃ ካሜራ የተሠራው ራቅ ያለ ሰው ለማየት ነው። ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ጎጆ ብዥ ይልበታል። ሰው «ካሜራው ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ፎርጅድ አይደለም። ሌንሱ ትንሽ ወደ ውጭ መውጣት ነው የሚፈልገው።

ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። የፊቱን ክዳን በካቻቢቴ ወይም በእጅ አዙራችሁ ክፈቱ። መሐል ላይ ጥቁር፣ ጥርስ ያለው ትንሽ ሌንስ አለ። ጥርሱ ላይ የሙጫ ነጠብጣብ ታያላችሁ፣ እንዳይዞር ፋብሪካው ያደረገው ነው። በምላጭ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፈልፍሉት። መስታወቱን አትንኩ። አሁን አንድ የክብሪት ሳጥን ውሰዱ። ከሌንሱ እስከ ጎጆው የሚኖረውን ርቀት በሲባጎ ለኩና ሳጥኑን እዚያው ርቀት ላይ አቁሙ። ካሜራውን ከስክሪን ጋር አገናኙ። ሌንሱን ወደ ግራ፣ ጠርሙስ እንደሚከፈት አቅጣጫ፣ በትንሽ በትንሹ አዙሩ። ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። የሳጥኑ ጽሑፍ መጀመሪያ ጥላ ይመስላል፣ ከዚያ ፊደል ይሆናል፣ ትንሽ ካለፋችሁ ደግሞ ይጠፋል። ፊደሉ ስል ሲሆን አቁሙና ቦታው ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉበት። እህታችሁን አስፈቅዳችሁ።

ስትዘጉት ጎማው በደንብ መቀመጡን እዩ። ዳሩን ሲሊኮን ቀቡት። ሲሊኮኑ ሽታው እስኪጠፋ አንድ ቀን ይደርና ነው የሚሰቀለው። ውስጡ ያቺን ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኝ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ብትከቱ የክረምቱ ጭጋግ መስታወቱን ከውስጥ አያጨልመውም።

የማታ ብርሃን

ማታ የሚሠራው ኢንፍራሬድ ወፏን አይረብሻትም፣ አይታያትምና። 850 ናኖሜትር የሚባለው ለሰው ዓይን ደብዛዛ ቀይ ነጥብ አለው። 940 ጭራሽ አይታይም። ሁለቱም ይሆናል። ችግሩ ቅርበቱ ነው። ለሃያ ሜትር የተሠራ ብርሃን አንድ ሜትር ላይ ሲያርፍ ወፏ ነጭ ሆና ትጠፋለች። መፍትሔው ናስትሮ ነው። ከአምፖሎቹ ግማሹን ሸፍኑ። አሁንም ነጭ ከሆነ ጨምሩ።

አዳዲሶቹ ካሜራዎች ግን ማታም በከለር እናሳያለን ብለው ነጭ መብራት ያበራሉ። እሱ ይጥፋ። የሚታቀፍ ወፍ ላይ ሌሊት ፓውዛ የሚያበራ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝ።

አሰቃቀል

ካሜራው ጎጆው ካለበት ቅርንጫፍ ላይ አይታሰርም። ነፋስ ሲመጣ ሁለቱም ይወዛወዛሉ፣ ወፏም ክብደቱን ታውቀዋለች። ወፍራም ግንድ ላይ፣ አለዚያም ለብቻው በተተከለ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ እሰሩት። ምስማር አትምቱ፣ ኬብል ታይ ይበቃል። ነጩን አትጠቀሙ፣ ጥቁሩን። ቀፎውን በአሮጌ ጆንያ ጠቅልሉት፣ ፊቱን ብቻ ትታችሁ።

ቅጠል ከልሎ ካስቸገራችሁ አትቁረጡት። ያ ቅጠል ጎጆውን ከጭልፊትና ከፀሐይ የጋረደው ነው። በክር ወደ ጎን አስራችሁ ኋላ ፍቱት። የተቆረጠ ቅጠል አይመለስም።

ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አታድርጉ። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሁን። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በዚያ ወቅት ወደ ደቡብ ማየቱ ይሻላል።

ሽቦው ካሜራው ጋ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደገና ሽቅብ ይውጣ። ዝናቡ ሽቦውን ተከትሎ ይመጣና ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል፣ ጃኩ ውስጥ አይገባም። ለሱቅም ለወፍም የምሠራው እንዲሁ ነው።

ቢጫዎቹ ወፎች ጋ ሌላ ጉዳይ አለ። የጎጆአቸው በር ከሥር ነው። አክስቴ ተሁለደሬ ናት፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ። ግቢዋ ዳር ያለው ግራር በክረምት በእነሱ ጎጆ ይሞላል። ቀጥ ብላችሁ ከሥር ወደ ላይ ካነጣጠራችሁ ዝናቡም ኩሱም ሌንሱ ላይ ነው፣ ሰማዩም ከጀርባ ሆኖ ጎጆውን ጥላ ያደርገዋል። ወደ ጎን ራቅ ብሎ፣ ከበሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሰቀል። ከሴቲንግ ውስጥ ደብሊውዲአር የሚለውን አብሩት፣ ጥላውን ያነሳዋል። አክስቴ ምሰሶውን ስተክል አይታ «ለወፍ ዘበኛ ቀጠርክላት?» አለችኝ። «አብሽሪ እቴቴ፣ ደሞዝ የማይጠይቅ ነው» አልኳት። አሁን ከእኔ በላይ የምታየው እሷ ናት።

መብራትና ማስቀመጫ

ብዙ ሰው ደውሎ «ቀን ይሠራል፣ ሲመሽ እየጠፋ ይበራል» ይለኛል። ካሜራው ደህና ነው፣ ሽቦው ነው የቀጠነው። ማታ ኢንፍራሬዱ ሲበራ ካሜራው የሚስበው ኃይል ይጨምራል። 30 ሜትር ቀጭን ሽቦ ላይ 12 ቮልቱ ሄዶ ሄዶ 10 ገደማ ሆኖ ይደርሳል። ካሜራው ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል። ዛፉ ሩቅ ከሆነ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ዘርጉ። ወይም አዳፕተሩን ወደ ዛፉ አስጠጉና ውኃ በማይገባው ሳጥን ውስጥ አድርጉት።

መብራት ይሄዳል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ያላት የዩፒኤስ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ትይዛለች። ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ ነው ዕድሜ የሚኖራት። አምስት ዋት ለሚበላ ካሜራ ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ከሌሊቱ አብዛኛውን ይሸፍናል። ዲቪአሩም ከዚያችው ባትሪ ይብላ ካላችሁ ግን ሰዓቱ በጣም ያጥራል፣ ለእሱ ሌላ ባትሪ ይኑረው። የዋይፋይ ካሜራ ከሆነ 10,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። ገጠር ከሆናችሁ ትንሽ ሶላርና ባትሪ ግዴታ ነው።

ለማስቀመጫው ጥራቱን ከልክ በላይ አትስቀሉ። በሰከንድ 12 ፍሬም፣ ኤች265 (ቪዲዮውን አጭቆ የሚያስቀምጠው ሴቲንግ)፣ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ይበቃል። እንዲህ ከሆነ በቀን 11 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። 64 ጊጋባይት ካርድ አምስት ቀን ይይዛል። 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከወር በላይ። ዋኔ ከመታቀፍ እስከ ጫጩት መብረር ወር ገደማ ስለሚፈጅባት ሙሉ ታሪኩን ሳይሰረዝ ታገኙታላችሁ። «እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅዳ» የሚለውን እኔ አልጠቀምበትም። ቅጠል ሲነቃነቅ ይቀዳል። ሸረሪትም ማታ ሌንሱ ፊት ድሯን ትሠራና እሷን ሲቀዳ ያድራል።

ጎረቤት፣ ልጆች፣ ቀበሌ

ዛፍ ላይ ሽቦ ያለው ነገር ሲሰቀል ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም፣ በተለይ በዚህ ጊዜ። ሳትጀምሩ ለጎረቤት ንገሩ። ለቀበሌውም አሳውቁ። «ይሄ ነገር ወደኛ ግቢ ነው እንዴ የሚያየው?» ያለ ሰው ካለ በቃል አትመልሱለት። ስልኩን ስጡትና የሚታየውን ራሱ ይየው። የጎረቤት መስኮት ጥግ ላይ ከገባ ዲቪአሩ ውስጥ ያንን ቦታ በጥቁር የሚሸፍን ሴቲንግ አለ። ማይኩንም አጥፉ። የወፍ ድምፅ እቀዳለሁ ብላችሁ የሰው ገመና እንዳትቀዱ።

ወንጭፍ የያዙ ልጆችን አታባርሩ። ብታባርሩ ጎጆው የት እንዳለ ነገራችኋቸው ማለት ነው። ጠርታችሁ አሳዩአቸው። ጫጩት አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ያየ ልጅ ሌላውን ልጅ ራሱ ይከለክላል። ከዛፉ ሥር ግን አይሰብሰቡ። እናንተም ወደ ጎጆው የሚወስድ የተረገጠ መንገድ አታብጁ፣ ድመትና ሸለምጥማጥ ያንኑ ይከተላሉ። ቪዲዮ የምትለጥፉ ከሆነ ቦታውን አትጻፉ።

ስታዩ

ዋኔ ጫጩቶቿን መጀመሪያ ጥሬ አታበላም። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ጉሮሯቸው ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ያመነጫሉ፣ ጫጩቱ ምንቃሩን አፋቸው ውስጥ ከትቶ ይጠጣል። ካሜራው ላይ የሚጣሉ ይመስላል። አይደለም፣ እራት ነው። ቢጫዎቹ ጋ ደግሞ ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። ሴቷ ገብታ ታየዋለች። ካልወደደችው አፍርሶ ሌላ ይጀምራል። አረንጓዴ ጀርባ ያላት ትንሽ ወፍ ድንገት ገብታ ፈጥና ብትወጣ ደግሞ ቀረጻውን ወደ ኋላ መልሱት። በሰው ጎጆ እንቁላሏን የምትጥል ወፍ ናት፣ የእነዚህን ጎጆ ትወዳለች።

ቁራ ሲመጣ አትሩጡ። እሱም ልጅ አለው። የራሳችሁን ድመት ግን እሰሩ። የወደቀ ጫጩት ካገኛችሁ መልሱት። «ሰው ከነካው እናቱ ትተወዋለች» የሚባለው እውነት አይደለም። ወፏ የምትሄደው በእጃችሁ ሽታ ሳይሆን በመመላለሳችሁ ነው።

ጫጩቶቹ ሲበሩ ካሜራውን ወዲያው አታውርዱ። ዋኔ ብዙ ጊዜ እዚያው ጎጆ ላይ ትደግማለች። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ማንም ካልመጣ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ ማሰሪያውን ለከርሞ ተዉት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዲቪአሩ በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው የሚሠራው። ስክሪኑ ላይ 07:00 ካለ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ማስታወሻ ደብተር ላይ ስትጽፉ በአንዱ ብቻ ጻፉ። ካልሆነ ጫጩቱ የተፈለፈለበትን ቪዲዮ ስትፈልጉ ስድስት ሰዓት ሙሉ የተቀመጠች ዋኔ ነው የምታዩት። የወደዳችሁትንም ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ከላዩ ላይ ሳይቀዳበት ፍላሽ ላይ አውጡት።